ድል ቀድሞ ሲመጣ፦ የዲንግ ጁንሁይ የወጣትነት ዓመታት በስኑከር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው ዲንግ ጁንሁይ ስለሚባል ቻይናዊ የስኑከር ተጫዋች የመጀመሪያ የሙያ ዓመታት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ሰው የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ 2005 ነው፤ በዚያ ዓመት ገና 18ኛ ዓመቱን እንደያዘ ሁለት ታላላቅ ዋንጫዎችን አንሥቷል። እኔ ያንን ድል ማሳነስ አልፈልግም። ነገር ግን የወጣትነቱን ታሪክ በቅርብ ለሚከታተል ሰው ከድሉ ይልቅ የሚከብደው ድሉ ትቶበት የሄደው ሸክም ነው፤ ከሁሉ በላይ የማደንቀውም ያንን ሸክም ተሸክሞ እስከ 2009 ድረስ ሳይሰበር መዝለቁን ነው። ንግግሬ በዚህ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሜ ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። በከተሞቻችን ፑል ቤቶች የለመድነው ጠረጴዛ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። የስኑከር ጠረጴዛ መጫወቻ ግን 3.57 ሜትር ርዝመትና 1.78 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ኳሶቹ አነስ ያሉ፣ የቀዳዳዎቹም አፍ ጠባብና ጠርዙ የተጠጋጋ ስለሆነ ለጥቂት የሳተ ምት ይቅርታ አያገኝም። እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ የሚያስገኙ 15 ቀይ ኳሶችና ከ2 እስከ 7 ነጥብ የሚያወጡ ስድስት ሌሎች ባለቀለም ኳሶች አሉ። ተጫዋቹ አንድ ቀይ ባስገባ ቁጥር አንድ ባለቀለም ኳስ ይመታል፤ ቀይ እስካለ ድረስ ባለቀለሙ ኳስ ከቀዳዳው ወጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቀዮቹ ሲያልቁ ስድስቱ በተራቸው ይገባሉ። ከእያንዳንዱ ቀይ በኋላ ባለ 7 ነጥቡን ጥቁር ኳስ እያስገባ ጠረጴዛውን በአንድ ተራ ባዶ ያደረገ ተጫዋች 147 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ፍጹም ውጤት ይባላል። አንዱ ዙር ፍሬም ይባላል፤ በትልልቅ የፍጻሜ ግጥሚያዎች እንደ ውድድሩ ዘጠኝ ወይም አሥር፣ በዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ 18 ፍሬም ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ለንግግሬ እጅግ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። አንዱ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ እያለ ሌላው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከማየት በቀር ማድረግ የሚችለው ነገር የለም። እግር ኳስ ተጫዋች ሮጦ ኳስ ሊነጥቅ ይችላል፤ ቦክሰኛም መልሶ ይማታል። የስኑከር ተጫዋች ግን ተቀናቃኙ እስኪሳሳት ድረስ፣ አንዳንዴ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ በሕዝብ ፊት እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ይህን መቀመጥ የሚያስተምር አሠልጣኝ የለም ማለት ይቻላል።

ዲንግ የተወለደው ኤፕሪል 1 ቀን 1987 በምሥራቅ ቻይና በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ በሸክላ የሻይ ማንቆርቆሪያዎቿ በታወቀችው በዪሺንግ ከተማ ነው። አባቱ ዲንግ ዌንጁን ጨዋታውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ልጁም ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለ መምቻውን ዘንግ ያዘ። ተሰጥኦው ቶሎ ታየ። አባትየው ከልጁ መደበኛ ትምህርት ይልቅ ስኑከርን መረጠ፤ የቤተሰቡን ቤት ሸጦም የተሻለ ልምምድ ወደሚገኝበት ወደ ደቡቡ ክፍለ ሀገር ጓንግዶንግ፣ ወደ ዶንግጓን ከተማ ይዞት ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ የአባት ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንደ ጀግንነት ይነገራል፤ ልጁ ስላሸነፈ ነው እንዲህ የሚነገረው። ያኔ በቻይና የስኑከር ተጫዋች ሆኖ መኖር የሚቻል መሆኑን ያሳየ ሰው አልነበረም። ከእስያ ከዚያ በፊት ወደ ላይ የወጣው ታይላንዳዊው ጀምስ ዋታና ነው፤ በ1990ዎቹ ዋና ዋና ዋንጫዎችን አንሥቷል። የሆንግ ኮንጉ ማርኮ ፉም ስሙን ያስጠራ ተጫዋች ነበር። ከዋናው የቻይና ምድር ተነሥቶ እንግሊዝ ደርሶ ያሸነፈ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ አባትየው ቤት ሲሸጥ ያየው መንገድ አልነበረም፤ ያየው ልጁን ብቻ ነው። ይህን ለማመስገንም ለመኮነንም አልቸኩልም። አንድ ልጅ ወላጆቹ ያላቸውን ሁሉ በእሱ ላይ እንዳኖሩ እያወቀ በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት ጠረጴዛ ላይ ሲያጎነብስ ልምምዱ ብድር መክፈል እንዳይሆንበት እሰጋለሁ። ዲንግ ጨዋታውን መውደዱን አለማጣቱ ለእኔ ከቴክኒኩ የበለጠ የሚያስገርም ነው።

ውጤቱ በ2002 መጣ። በዚያ አንድ ዓመት የእስያን ከ21 ዓመት በታች ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ15 ዓመቱም በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የተካሄደውን የዓለም ከ21 ዓመት በታች ሻምፒዮና ወስዶ በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ሆነ። በቡሳን የእስያ ጨዋታዎችም በነጠላ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በአማተር ደረጃ ሊያረጋግጠው የቀረ ነገር ስላልነበር በሴፕቴምበር 2003፣ በ16 ዓመቱ፣ ፕሮፌሽናል ሆነ።

ፕሮፌሽናል መሆን ማለት ወደ እንግሊዝ መሄድ ማለት ነበር። የስኑከር ማኅበሩም፣ የማጣሪያ ውድድሮቹም፣ አብዛኞቹ ዋንጫዎችም እዚያው ነበሩ፤ የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ ከ1977 ጀምሮ በሼፊልድ ክሩሲብል ቲያትር ይካሄዳል። በዚያ አዳራሽ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከነገሡት ሻምፒዮኖች ውስጥ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች ውጭ የመጣው በ1980 ያሸነፈው ካናዳዊው ክሊፍ ቶርበርን ብቻ ነው። ዲንግ በኖርዝሃምፕተንሻየር ወረዳ በምትገኘው በዌሊንግቦሮ ከተማ ተቀመጠ። እንግሊዝኛው እጅግ ጥቂት ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በማያውቀው ምግብ፣ በማያውቀው ብርድና ቋንቋ መካከል ቀኑን ከጠረጴዛ ጋር ብቻ የሚያሳልፍበትን ኑሮ በስደት የኖረ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከእሱ በኋላ የመጡት ቻይናውያን ወጣቶች በሼፊልድ ተሰባስበው ስለሚኖሩ ችግሩ ተቃልሏል የሚሉ አሉ። እኔ ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። በጁን 2023 አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ከውጤት ማጭበርበርና ከውርርድ ጋር በተያያዘ ጥፋት ተቀጥተዋል፤ ሁለቱ ለዕድሜ ልክ ታግደዋል። ብቸኝነት ለማጭበርበር ምክንያት አይሆንም፤ ያም ሆኖ ልጆችን በለጋ ዕድሜያቸው ከቤታቸው አውጥቶ ለውድድር ብቻ የሚያሳድግ ሥርዓት ጠረጴዛው ሲዘጋ ማን ይጠብቃቸዋል ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ወደ ዲንግ ልመለስ። በዚያ ዘመን በስኑከር ሕግ አንድ ተጫዋች በደረጃ ሰንጠረዡ ከፍ ያለ ቦታ ከሌለው ካሜራና ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ብዙ የማጣሪያ ግጥሚያዎችን ማለፍ ነበረበት። ከዚህ ውጭ ያለው መንገድ አዘጋጆቹ በልዩ ግብዣ ሲያስገቡት ነበር። በፌብሩዋሪ 2004 ዲንግ በምርጥ 16 ተጫዋቾች መካከል በሚካሄደው የማስተርስ ውድድር ላይ በዚህ ዓይነት ግብዣ ገባ፤ ጆ ፔሪን 6 ለ 3 ካሸነፈ በኋላ ስቲቨን ሊን 5 ለ 2 እየመራ 6 ለ 5 ተሸነፈ። የለንደን ተመልካች ስሙን የሰማው ያን ጊዜ ነው። በእኔ እይታ ይህች ሽንፈት ብዙ ታስረዳለች፤ እጁ ለማሸነፍ ደርሶ ነበር፤ የቀረው የማሸነፊያዋን ፍሬም ፊት ለፊት እያዩ የመቀመጥ ልምድ ነው።

ከዚያ 2005 መጣ። በቤጂንግ የተካሄደው የቻይና ኦፕን ውድድርም ዲንግን በልዩ ግብዣ አስገባው። ልጁ ፒተር ኤብደንንና ኬን ዶሄርቲን፣ ማለትም ሁለት የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮኖችን፣ አስወጥቶ ለፍጻሜ ደረሰ። በኤፕሪል 3፣ 18ኛ ዓመቱን በሞላ በሁለተኛው ቀን፣ የገጠመው የሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑን ስቲቨን ሄንድሪን ነበር። ዲንግ 9 ለ 5 አሸነፈ። በልዩ ግብዣ የገባ በመሆኑ ዋንጫው የደረጃ ነጥብ አላስገኘለትም፤ የዓለም ሰንጠረዥ ላይ ያ ድል እንዳልተደረገ ያህል ነበር። በአገሩ ቴሌቪዥን ግን ጨዋታውን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተመለከተው ተገምቷል። ያው ኤፕሪል 3 ዣኦ ሺንቶንግ የሚባል የሺያን ልጅ ስምንት ዓመት የሞላበት ቀን ነው፤ ይህ ልጅ በ2025 ክሩሲብል ላይ ማርክ ዊልያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አንድ ትውልድ በአንድ ምሽት ተወለደ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ሆኖም በቻይና የሚገኙ ብዙ ወላጆች ከዚያ ምሽት ጀምሮ የስኑከር ጠረጴዛን በሌላ ዓይን ማየት እንደጀመሩ መናገር ይቻላል።

የቤጂንጉን ድል የአገር ሜዳ ዕድል ነው ብሎ ማጣጣል ይቻል ነበር። በዲሴምበር ወር በዮርክ ከተማ ዲንግ ይህን አፍ ዘጋ። ከዓለም ሻምፒዮናው ቀጥሎ በክብር በሚታየው የዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮና ፍጻሜ የ48 ዓመቱን ስቲቭ ዴቪስን 10 ለ 6 አሸነፈ። ዴቪስ ይህንኑ ዋንጫ ስድስት ጊዜ ያነሣ፣ የ1980ዎቹን ስኑከር በእጁ የያዘ ሰው ነበር፤ በተቀናቃኞቹ መካከል የ30 ዓመት ልዩነት አለ። ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ የመጣ ተጫዋች ያንን ዋንጫ ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በዕድሜ ከእሱ ያነሰ አሸናፊም በ1993 በ17 ዓመቱ ያሸነፈው ሮኒ ኦሳሊቫን ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ የዲንግን ጨዋታ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ጸጥታውን ነው። ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም ነበር። ነጩን ኳስ የሚቆጣጠርበት መንገድ ግን ያስገርማል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ነጩ ኳስ ለቀጣዩ ምት አመቺ በሆነው ቦታ ላይ ይቆማል፤ በተለይ ከጥቁሩ ኳስ አጠገብ በጠባብ ቦታ እየተዘዋወረ ቀዮቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ኳሶቹን የማይመታቸው፣ የሚያባብላቸው ይመስላል። ጋዜጠኞች ጸጥታውን ከዕድሜው የበለጠ ብስለት አድርገው ጻፉት። እኔ ግን የኋላውን ሳይ ያ ጸጥታ በከፊል የብስለት፣ በከፊል ደግሞ የሚያናግረው ሰው ያጣ ልጅ ጸጥታ ይመስለኛል።

ድሉ ከደረጃው ቀድሞ መሄዱን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮን በ2006 ጸደይ በክሩሲብል አልተጫወተም፤ ማጣሪያውን አላለፈም። በቻይና በመንገድ ላይ የሚታወቅ ፊት ሆኖ ሳለ የሚኖርበት አገር የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ እሱ ከውጭ ነበር። በኦገስት 2006 በቤልፋስት በሰሜን አየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ኦሳሊቫንን 9 ለ 6 ረታ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሦስተኛው ትልቅ ዋንጫው ነበር። በዲሴምበር በዶሃ የእስያ ጨዋታዎች በነጠላ፣ በጥንድና በቡድን ሦስት የወርቅ ሜዳሊያዎችን ወሰደ። ከአሁን በኋላ የሚሸነፍ ልጅ ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ ሸክሙም የተደራረበው በዚህ ጊዜ ነው።

በጃንዋሪ 2007 በዌምብሊ የማስተርስ ውድድር ተጀመረ። ዲንግ አሁንም ከምርጥ 16ቱ ውጭ ስለነበር የገባው በልዩ ግብዣ ነው። በጃንዋሪ 14 ከአንቶኒ ሃሚልተን ጋር ሲጫወት 147 ነጥብ በአንድ ተራ አስመዘገበ። ዕድሜው 19 ነበር፤ በቴሌቪዥን በተላለፈ ጨዋታ ይህን ያደረገ ከእሱ ያነሰ ተጫዋች እስከዚያ ቀን አልታየም። በማስተርስ ታሪክም ከ1984ቱ የኪርክ ስቲቨንስ ውጤት በኋላ ሁለተኛው ነው። አንድ ሳምንት ቆይቶ በፍጻሜው ኦሳሊቫንን ገጠመ።

ሁለቱን የመጀመሪያ ፍሬሞች ዲንግ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ኦሳሊቫን በስኑከር ታሪክ እምብዛም የማይታይ ጨዋታ ተጫወተ። ዲንግ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልብ በሉ፣ ይህ ወጣት ከሳምንት በፊት በዚያው አዳራሽ ፍጹም ውጤት ያመጣ ነው፤ አሁን ግን ዘንጉን ይዞ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው የቀረለት። በሺዎች በሚቆጠረው ሕዝብ መካከል የተወሰኑ ተመልካቾች ይጮኹበት፣ ይሰድቡትም ነበር። ኦሳሊቫን 9 ለ 3 ሲመራ፣ ማለትም ለማሸነፍ አንድ ፍሬም ሲቀረው፣ ዲንግ ጨዋታው ያለቀ ይመስል እጁን ለመሰናበት ዘረጋ። ኦሳሊቫን እጁን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያጽናና ከመድረኩ ይዞት ወጣ። ተመልሰው የቀረችውን ፍሬም ተጫወቱ፤ ውጤቱም 10 ለ 3 ሆነ። እንባው በቴሌቪዥን ታየ።

ይህን ትዕይንት አንዳንዶች የልጁ ድክመት አድርገው ተናገሩት። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በስድስት ፍሬም የተመራ ማንኛውም ተጫዋች ልቡ ይወድቃል፤ የዲንግ ልዩነት የወደቀው ልብ የእሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። የቤተሰቡ ቤት፣ የቤጂንጉ ምሽት፣ አገሩ በቴሌቪዥን የሚጠብቀው ተመልካች ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አብረውት ተቀምጠው ነበር። በአንጻሩ የኦሳሊቫን ድርጊት ስፖርት ሊያሳየን ከሚችለው መልካም ነገር አንዱ ነው፤ የሚያሸንፈውን ልጅ መድረክ ላይ ያቀፈ ሰው ምን እያየ እንደነበር ያውቃል፤ እሱም በ17 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኖ ቀድሞ የመጣ ድል ምን እንደሚያስከፍል በራሱ ሕይወት ተምሮታል።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ዲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጣሪያውን አልፎ ክሩሲብል ገባ። ዕጣው በመጀመሪያው ዙር ያገናኘው ከዚያው ከኦሳሊቫን ጋር ነበር፤ 10 ለ 2 ተሸነፈ። በደረጃው በዚያ ዓመት ከ16ቱ ውስጥ ቢገባም ዋንጫ ግን ራቀው። ከቤልፋስቱ ድል በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ የደረጃ ነጥብ የሚያስገኝ አንድም ውድድር አላሸነፈም። በ2007 የሻንጋይ ማስተርስ ተጀምሮ ቻይና በየዓመቱ ሁለት ትልልቅ ውድድሮችን ማስተናገድ ስትጀምር በእያንዳንዱ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ሆነ፤ ሲሸነፍም አገሩ ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። በዲሴምበር 2008 በዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮና ከጆን ሂጊንስ ጋር ሲጫወት ሁለተኛውን የ147 ውጤት አስመዘገበ፤ እጁ እንዳልጠፋ በዚህ ታወቀ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር።

እነዚህን ዓመታት የሚያልፉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የሚቆጠር ዋንጫ ስለሌለባቸው ይሆናል። እኔ ግን በታሪኩ ውስጥ ትልቁን ሥራ የማየው እዚህ ነው። በ20 ዓመቱ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በስሙ ብቻ በክብር መኖር ይችል ነበር፤ ስሙ ለዕድሜ ልክ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በእንግሊዝ ቆየ፤ ልምምዱን ቀጠለ፤ ተሸነፈ፤ እንደገና ገባ። በጨዋታው ውስጥ አንድ ለውጥ ቀስ በቀስ ታየ፤ ቀድሞ ኳስ ካላስገባ የሚጠፋው ወጣት አሁን ኳሱን በመደበቅ፣ ለተቀናቃኙ አስቸጋሪ ቦታ በመተውና በትዕግሥት ዕድል በመጠበቅ ፍሬም ማሸነፍ ለመደ። በወንበሩ ላይ መቀመጥንም ለመደ።

በኦክቶበር 2009 በግራንድ ፕሪ ውድድር ፍጻሜ ደርሶ በአውስትራሊያዊው ኒል ሮበርትሰን 9 ለ 4 ተሸነፈ። በዲሴምበር በቴልፎርድ እንደገና የዩናይትድ ኪንግደም ሻምፒዮና ፍጻሜ ገባ፤ ተቀናቃኙ የዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ጆን ሂጊንስ ነበር፤ አጠባበቅን ከዚህ ሰው የተሻለ የሚያውቅ ተጫዋች በዚያ ዘመን ማግኘት ይከብዳል። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተቀራራቢ ሆኖ ዲንግ 10 ለ 8 አሸነፈ። በዮርክ ያሸነፈው ልጅ ከዴቪስ ጋር ሲጫወት የሚያጣው ነገር አልነበረውም፤ በቴልፎርድ ያሸነፈው የ22 ዓመት ሰው ግን ማጣት ምን እንደሆነ አውቆ ነው የገባው። ስለዚህ ሁለቱ ዋንጫዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥብኛል።

ከእስያ የመጀመሪያው ሆኖ በዲሴምበር 2014 የዓለም አንደኛ ደረጃን የያዘበት፣ በ2016ም የክሩሲብል ፍጻሜ ደርሶ በማርክ ሴልቢ 18 ለ 14 የተሸነፈበት ዘመን የራሱን ንግግር ይፈልጋል። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።